ኬኔት ክሬክና የደከመው አብራሪ

የአይሮፕላን አደጋ በደረሰ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚነገረው አብራሪው ተሳሳተ የሚል ነው። ለምን ተሳሳተ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከመረመሩት አንዱ ኬኔት ክሬክ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክሬክ በ1914 ዓ.ም. በኤዲንበርግ አጠገብ በሊዝ ተወለደ። በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ከተማረ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ሄዶ ከፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ባርትሌት ዘንድ ሥነ ልቡና አጠና። በ1940 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ፍልስፍና የተማረ ሰው ቢሆንም እጁ እንደ መካኒክ እጅ ብልህ ነበረ፤ ይህም በኋላ እጅግ ጠቀመው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የካምብሪጅ ሊቃውንት የአብራሪዎችን ድካም እንዲመረምሩ ተጠየቁ። ክሬክም የስፒትፋየር ተዋጊ አይሮፕላን የአብራሪ ክፍል ከምድር ሳይነሣ የሚበር አስመስሎ አሰናዳ። በውስጡ የተቀመጠው አብራሪ መሪውን ሲያንቀሳቅስ፣ ከፊቱ ያሉት መለኪያዎች በእውነተኛ በረራ እንደሚሆነው ይንቀሳቀሱ ነበር። ብዙ አብራሪዎች በዚህ ክፍል ውስጥ ረዥም ሰዓት እየተቀመጡ ተፈተኑ።

የተገኘው ውጤት ያስገርማል። አብራሪው በደከመ ጊዜ ይበልጥ የተበላሸው የእጁ ኃይል ሳይሆን ግምቱ ነበር። በመጀመሪያ ትንሽ መዛባት አይቶ ወዲያው ያርም የነበረው ሰው፣ ቆይቶ ትልቁን መዛባት እንደ ደኅና ይቆጥረዋል። መለኪያዎቹን አስተባብሮ ማየቱን ትቶ አንድ በአንድ ይመለከታል፤ በጎን ያለውን የነዳጅ መለኪያ ጨርሶ ይረሳዋል። በረራው ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ ስሕተቱ ይበዛል። እንዲህም ሆኖ ብዙዎቹ ሥራቸው እየተሻሻለ የሄደ ይመስላቸው ነበር፤ ጥፋቱንም በመሣሪያው ያሳብቡ ነበር። ለፈተና እስከ እኩለ ሌሊት የምናነብ ተማሪዎች ይህን በሽታ እናውቀዋለን፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አይተን የገባን ይመስለናል።

እንደ እኔ አስተያየት የዚህ ሥራ ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። መድከሙን ራሱ የማያውቅ ሰው በተግሣጽ ብቻ አይታረምም። የሥራው ሰዓት ሊወሰንለት፣ መለኪያውና መሪውም ለሰው ዓይንና እጅ እንዲስማሙ ሆነው ሊሠሩለት ይገባል።

ክሬክ በ1943 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ አእምሮ የዓለምን ትንሽ ምሳሌ በውስጡ ሠርቶ የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ በዚያ ላይ ይሞክራል የሚል አሳብ አቀረበ። በ1944 ዓ.ም. በካምብሪጅ የተግባራዊ ሥነ ልቡና ምርምር ክፍል ሲቋቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ። በዚያው ዘመን የሚንቀሳቀስ ዒላማ የሚከታተል ሰው እጁን ያለማቋረጥ ሳይሆን በግማሽ ሴኮንድ ያህል ልዩነት እየቆራረጠ እንደሚያርም አስረዳ።

በ1945 ዓ.ም. ግንቦት ወር በገባ በ7ኛው ቀን ክሬክ በካምብሪጅ መንገድ ላይ በብስክሌት ሲሄድ፣ የአንድ አውቶሞቢል በር በድንገት ተከፈተበትና ወደቀ። በማግሥቱ አውሮፓ የጦርነቱን ፍጻሜ በደስታ ስታከብር እርሱ ሞተ። ዕድሜው 31 ዓመት ነበር። ስለ መሣሪያና ስለ ሠራተኛው ሰው የጻፋቸው ጽሑፎች በ1947 እና በ1948 ዓ.ም. ታተሙ።