ረሃባችንን ለዓለም ያሳየው ሰው

የኡልፓን ሞራችን ከሞቱት ሰዎች የታወቀ ሰው መርጣችሁ ታሪኩን ጻፉ ስላለችን፣ እኔ የመረጥኩት መሐመድ አሚን የሚባለውን የካሜራ ሰው ነው። አይሁዳዊ አይደለም፣ ኢትዮጵያዊም አይደለም። ግን የሰባ ሰባቱን ረሃብ ለዓለም ያሳየው እሱ ነው። እኔ ብዙ አልተማርኩም። ልጄ እያነበበችልኝ እንደገባኝ አድርጌ ጻፍኩት። ሰው የማያውቀውን፣ የሩቅ አገር ሰው ለመርዳት ለምን ኪሱን ይፈታል? ይኼንንም ጥያቄ አብረን እንድናየው ብዬ ነው።

መሐመድ አሚን በፈረንጅ 1943፣ በእኛ አቆጣጠር 1935 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ናይሮቢ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ዘራቸው ከሕንድ አገር ነው፣ አባቱም የባቡር ሠራተኛ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ዳሬሰላም ስለሄደ እዚያ አደገ። ገና ልጅ ሳለ ሣጥን የምትመስል አሮጌ ካሜራ ገዛ። ከዚያች ቀን በኋላ ካሜራ ከእጁ አልወጣም። በ1963፣ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፣ ካሜራፒክስ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቋመ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ዛንዚባር ውስጥ መንግሥት ያልወደደውን ነገር አንስቷል ተብሎ አንድ ወር ገደማ ታስሮ ተሠቃየ። ሲለቀቅም ሥራውን አልተወም። በ1969 የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ በጥይት ሲመታ ደርሶ ፎቶግራፍ ያነሣው እሱ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ኢዲ አሚን ሥልጣን ሲይዝም እዚያ ነበር። ሌላው ሰው ሲሸሽ እሱ ወደዚያው የሚሄድ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሰባ ሰባት ልምጣ። ከመካከላችሁ ያን ዘመን በዓይናችሁ ያያችሁ አላችሁ፤ እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ የሰማሁት ከእናቴ ነው። ዝናብ ጠፋ፣ በወሎና በትግራይ እህል አለቀ፣ በዚያ ላይ ጦርነት ነበረ። ሕዝቡ ከብቱን ሸጠ፣ በሬውን ሸጠ፣ ዘሩን በላ፣ በመጨረሻ ቤቱን ዘግቶ ወደ መንገድ ወጣ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ችግር ላይ ነው ብሎ ለዓለም አስታውቆ ነበር። ዓለም ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። የደርግ መንግሥት ደግሞ በ1977 መስከረም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በትልቅ ድግስ ያከብር ነበር። ወደ ሰሜን መሄድ ለጋዜጠኛ የተከለከለ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ቁጥሩ ታውቋል፣ ወረቀቱ ተጽፏል፣ የሚሰጥ ግን የለም። 5 ሚሊዮን ሲባል ማን ያዝናል? ቁጥር ፊት የለው፣ አያለቅስ።

መሐመድ አሚን እንደምንም ፈቃድ አገኘ። ማይክል በርክ ከሚባል የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጋር በጥቅምት 1977፣ በፈረንጅ 1984፣ ወደ መቀሌና ወደ ኮረም ሄደ። ኮረም ሜዳ ላይ 40 ሺህ ያህል ሰው ተኝቶ ነበር። ኮረም ደጋ ነው፣ የሌሊቱን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በየሌሊቱ ብዙ ሰው ይሞታል፤ ሲነጋ ሬሳው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደረደራል። መሐመድ ያንን ሁሉ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ቀረጸ። እናት ልጇን ታቅፋ፣ አባት ሬሳ ተሸክሞ፣ ሕፃን ዓይኑን ገልጦ። መቀሌ ደግሞ ክሌር በርሽንገር የምትባል የቀይ መስቀል ነርስ ነበረች። ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ከተሰለፉት ሕፃናት ጥቂቶቹን ብቻ ለይታ ማስገባት ነበረባት። የቀረው ምን እንደሚሆን እሷም ታውቃለች፣ እናቲቱም ታውቃለች።

ፊልሙ በፈረንጅ ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ በዓለም ላይ ከ400 በላይ ጣቢያዎች አሳዩት። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? ያ በወረቀት ያልተነቃነቀ ዓለም በምስል ተነቃነቀ። ቦብ ጌልዶፍ የሚባል የአየርላንድ ዘፋኝ ፊልሙን ቤቱ ሆኖ አይቶ ዘፋኞችን ሰበሰበ፣ ዘፈን አውጥተው ገንዘቡን ለረሃብተኛው ሰጡ። አሜሪካኖችም እንደዚያው አደረጉ። በ1985 ጁላይ 13 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ የሌሎችም አገሮች የጦር አውሮፕላኖች መኪና በማይደርስበት ተራራ ላይ እህል ከሰማይ ጣሉ። እዚህ እስራኤልም አቢ ናታን የሚባለው የታወቀ ሰው ገንዘብ አሰባስቦ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ረድቷል።

ታዲያ ለምን ሰጡ? እኔ እንደገባኝ ምክንያቱ አንድ አይደለም። አንደኛ፣ ቁጥር ሳይሆን ፊት አዩ። ያች እናት የራሳቸውን እናት መሰለቻቸው። ሁለተኛ፣ ረሃብን በታሪክ የሚያውቁ ነበሩ። አየርላንድ ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በስብሶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቆባታል። በዚያ በ1985 ከሕዝቧ ቁጥር ጋር ሲተያይ ከሁሉ የበለጠ የሰጠች እሷ ናት ይባላል። የአያት ረሃብ በልጅ ልጅ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። እኛም ክፉ ቀንን ከሽማግሌዎቻችን ሰምተናል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ አለቀ፣ በሬ ጠፋ፣ ከቤተ እስራኤልም ስንቱ መንደር ባዶ ቀረ። ያን ጊዜ ካሜራ አልነበረም። ሦስተኛ፣ ሌላው ሲሰጥ አይቶ የሰጠም አለ። ይኼ አያሳፍርም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

መልካሙን ብቻ አልጽፍም። እርዳታው የመጣው ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የሞተው ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይሆናል ይላሉ። መንግሥቱም ሕዝቡን በግድ እየጫነ ወደ ደቡብና ምዕራብ ያሰፍር ነበር፤ ይኼን የተቃወሙ የፈረንሳይ ሐኪሞች በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረሩ። ስለዚህ ገንዘብ መስጠት ብቻውን አይበቃም፣ የት እንደደረሰ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ያ ፊልም አዳነን፣ ግን ስማችንንም ረሃብ አደረገው። እዚህ አገር ልጆቻችንን፣ እናንተ አገር ምግብ አለ ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ልጄ አንድ ቀን በዚህ ነገር አልቅሳ መጥታለች። የጎንደር ጤፍ፣ ማር፣ የአዝመራው ጊዜ በዚያ ፊልም ላይ የለም። በዚህ መሐመድን እወቅሰዋለሁ ወይ ብዬ አሰብኩ። አልወቅሰውም። ረሃቡን እሱ አላመጣውም። ዝም ቢል ኖሮ ክብራችን አይጠበቅም ነበር፣ ሰው ነበር የሚያልቀው። ደግሞም ድርጅቱ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ አገርና ታሪክ የሚያሳይ የጎብኚዎች መጽሐፍ አዘጋጅቷል። ሁለቱንም አይቷል ማለት ነው።

በፈረንጅ 1991፣ ወገኖቻችን በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል 14 ሺህ ሆነው በመጡ በአሥር ቀኑ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። መሐመድ እየቀረጸ ሳለ ግራ እጁን አጣ። አብሮት የነበረው የድምፅ ሠራተኛ ጆን ማታይ ሞተ። ሌላ ሰው ቢሆን በቃኝ ይል ነበር። እሱ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ እንደገና ካሜራውን ያዘ።

በ1996 ኖቬምበር 23፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፈረ። ሦስት ሰዎች አውሮፕላኑን ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። አብራሪው ልዑል አባተ ነዳጁ አይበቃም ቢላቸው አልሰሙም። ነዳጁ አልቆ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ፣ 50 ተረፉ። የተረፉት እንደተናገሩት መሐመድ ከመቀመጫው ተነሥቶ ከጠላፊዎቹ ጋር ይከራከር ነበር። እዚያው ሞተ። ዕድሜው 53 ነበር።

ወገኖቼ፣ ለምን ይኼን መረጥሽ የሚለኝ ይኖራል። ጎንደር ሆነን ስንጠብቅ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ምግብ ይሰጥ እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ገንዘቡን የሰጡት አይተናቸው የማናውቅ የአሜሪካ አይሁዶች ናቸው። ስማችንን አያውቁም፣ እኛም አላመሰገንናቸውም። እዚህ ደግሞ ሞራችን ስለ ጸዳቃ አስተማረችን። ቃሉ ከእኛ ጽድቅ ጋር አንድ ነው፤ ትርጉሙ ማዘን ብቻ ሳይሆን ትክክለኛውን መሥራት ነው። በአይሁድ ሕግ ጸዳቃ የሚቀበል ድሃ እንኳ ከተቀበለው ጥቂት መስጠት አለበት አለችን። ይኼ በጣም ገባኝ። መቀበል ብቻ ሰውን አንገቱን ያስደፋል፤ ሲሰጥ ግን ቀና ይላል።

ስለዚህ ገንዘባችን ትንሽ ናት፣ ቋንቋውም ገና አልገባንም ብለን አንተወው። አገር ቤት እድር ነበረን፣ ደቦ ነበረን። እዚህ ቅርያት ጋትም አንድ ሰቅል፣ ሁለት ሰቅል ማዋጣት አያቅተንም፣ ለታመመ ጎረቤት ይሁን፣ ጎንደር ለቀሩት ይሁን፣ ጨርሶ ለማናውቀው ሰውም ይሁን። ልጆቻችንም የተራቡ ሰዎች ልጆች ብቻ ሳይሆን የሚሰጡ ሰዎች ልጆች መሆናቸውን ይወቁ።



የኡልፓን ተማሪ፣ ቅርያት ጋት