ሰማዕቱ ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ

ሐምሌ 5 ቀን የቅዱሳን ሐዋርያት የጴጥሮስና የጳውሎስ የሰማዕትነት በዓል ነው፤ ጾመ ሐዋርያትም በዚሁ ዕለት ይፈታል። ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ፣ የሐዋርያውን ስም በጵጵስና የተቀበሉት ኢትዮጵያዊው አባት አቡነ ጴጥሮስ የተሠዉበት ዕለት ይታሰባል።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ እንደ ቂሊንጦ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች፣ ከቀድሞ አጥቢያቸው ተነሥተው በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሰፈሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች አስቀድመው የሚጠይቁት ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል እንደሆነ ነው። ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ ይከተላል። ቤተ ክርስቲያንን ጠንካራ የሚያሰኛት ምንድን ነው? የሕንጻዋ ግርማ ነው ወይስ የምእመኗ ብዛት? የእኒህ አባት ሕይወት ለጥያቄው ከብዙ ስብከት የተሻለ መልስ አለው።

አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ተምረው በደብረ ሊባኖስ መነኰሱ፤ በወሎም አማራ ሳይንት በምስካበ ቅዱሳን ገዳም ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። የሚበዙ ሰዎች የሚያስታውሱት ፍጻሜያቸውን ብቻ ነው፤ ፍጻሜያቸውን ያዘጋጀው ግን ይህ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት ጸጥተኛ ዘመን ይመስለናል።

ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ 1,600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚሾምላት ከእስክንድርያ መንበር ነበር። በ1921 ዓ.ም. ግን አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ በካይሮ ተቀቡ፤ መንጋው ከራሱ አብራክ የወጡ፣ በቋንቋው የሚያስተምሩት ጳጳሳት አገኘ። ጳጳሳቱ ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውም ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በራስዋ ፓትርያርክ ለመመራት የበቃችው በ1951 ዓ.ም.፣ በአቡነ ባስልዮስ ሹመት ነው።

ሹመቱ ከተፈጸመ ሰባት ዓመት ሳይሞላ የፋሽስት ጣልያን ወረራ መጣ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ አቡነ ጴጥሮስ ወደ ደብረ ሊባኖስ አቅንተው ከሰላሌ አርበኞች ጋር ቆሙ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የደጃዝማች አበራ ካሣና የወንድማቸው የአስፋ ወሰን ጦር አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያደረገው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ ጳጳሱም በጠላት እጅ ወደቁ። ሕዝቡ ለጣልያን እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ። እንዲያውም ለወራሪው የሚያድረውን ሁሉ አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ፣ መንጋቸው እያየ፣ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ።

በአንድ ቀን ከተቀቡት አባቶች መካከል አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በጣልያኖች ተገድለዋል። አቡነ አብርሃም በበኩላቸው በ1930 ዓ.ም. ወራሪው የሰጣቸውን የሊቀ ጵጵስና ሹመት ተቀበሉ። በዚያ ጭንቅ ዘመን በተደረገው ላይ ዛሬ በሰላም ተቀምጦ መፍረድ ቀላል ነው። ቢሆንም ቅብዐቱ አንድ፣ መንገዱ ሁለት ሆኖ መገኘቱን መሸሸግ አይገባም። የአቡነ ጴጥሮስ ደብር ደብረ ሊባኖስም በግንቦት 1929 ዓ.ም. የጽዋው ተካፋይ ሆነች፤ መነኰሳቷና ምእመናኗ በብዙ መቶ እየተቈጠሩ ተረሸኑ።

የሰማዕቱ ሐውልት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አቅራቢያ በስማቸው በሚጠራው አደባባይ ይገኛል። ለቀላል ባቡር መሥመር ሥራ በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ሲነሣ ብዙዎች ተጨንቀው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ።