የእግዚአብሔር እንግዳ፤ የሜኖ ሲሞንስ ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ በላስታ ደጋ መንገድ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ቤት ደጃፍ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ሲል፥ ባለቤቱ አገሩንና ዘሩን ሳይመረምር ማስገባቱ የአባቶችህ ልማድ እንደ ሆነ አንተ ራስህ ታውቃለህ። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ሌሊቱ ውርጭ ነውና፥ በሩን መዝጋት ሰውን ለሞት አሳልፎ እንደ መስጠት ይቈጠራል። ነገር ግን እንግዳውን ማስገባት የባለቤቱን ነፍስ የሚያስጠፋ ቢሆንስ? ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ስለ ሰጡ ሰዎች፥ በእነርሱም ቤት ተጠግቶ ስለ ኖረ ስለ አንድ እረኛ እነግርሃለሁ። የዓመቶቹ ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ይህ ሰው ሜኖ ሲሞንስ ይባላል። በ1496 ዓ.ም. ገደማ በሆላንድ ሰሜን፥ ፍሪስላንድ በሚባለው አገር፥ ቪትማርሱም በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። በ1524 ቅስና ተቀብሎ በአቅራቢያው ባለችው በፒንግዩም መንደር ማገልገል ጀመረ። ዘመኑን በልብህ ታስተውለው ዘንድ ይህን ልጨምርልህ፤ በእነዚያ ዓመታት ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በአገራችን ነበረ። እርሱም ከዓለት የተፈለፈሉትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፥ ሰው አያምነኝም ብሎ እየፈራ ስለ እነርሱ ጻፈ። መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ።

ወጣቱ ቄስ ሜኖ ግን መጻሕፍትን የሚመረምር ሰው አልነበረም። ከባልንጀሮቹ ካህናት ጋር ካርታ ሲጫወትና ሲጠጣ ይውል እንደ ነበረ ኋላ እርሱ ራሱ ተናዞ ጽፏል። ቅዳሴውን ሲቀድስ ግን በልቡ ጥርጥር ገባበት፤ በዚህም ምክንያት መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ጀመረ። በ1531 ደግሞ ሲኬ ፍሬሪክስ የሚባል ልብስ ሰፊ፥ ካደገ በኋላ እንደ ገና ስለ ተጠመቀ ብቻ በሌዋርደን ከተማ አንገቱን በሰይፍ መቈረጡን ሰማ። ስለ ጥምቀት የክርስቲያኖች ትምህርት ልዩ ልዩ ነው፤ ክርክሩን እዚህ አላነሣውም። እኔ የማስተውለው ሜኖ ሲሞንስ እውነት ነው ብሎ ያመነውን ነገር ይዞ ዝም ማለቱን ነው። በዚያው ዓመት ገቢዋ ወደሚሻል ወደ ቪትማርሱም ተሾመ፤ ሹመቱንም ተቀበለ። ሰው እንደዚህ ነው፤ ልቡ ወዲያ፥ እንጀራው ወዲህ ይስበዋል።

በ1535 ግን ዝምታው አበቃ። በሙንስተር ከተማ የተነሡ ሐሰተኞች ነቢያት የእግዚአብሔርን መንግሥት በሰይፍ እናቆማለን እያሉ ያሳቷቸው 300 የሚያህሉ ሰዎች፥ በቦልስቫርድ አጠገብ ያለውን ኦልደክሎስተር የተባለ ገዳም በጦር መሣሪያ ያዙ። የመንግሥት ጦርም ከብቦ ገዳሙን ሰብሮ ገባና ብዙዎቹን ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ የሜኖ ወንድም እንደ ነበረ ይነገራል። ሜኖ ሰይፋቸውን በስብከቱ ይነቅፍ ነበር፤ ነገር ግን እነዚህ የተሳሳቱ ሰዎች ለስሕተታቸው ሲሞቱ፥ እርሱ ለእውነቱ ደመወዙን እንኳ አለመተዉ እንቅልፍ ነሣው። በጥር 30 ቀን 1536 ሹመቱንና ቤቱን ትቶ ወጣ።

አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ ሰይፍን የካዱ ጥቂት ምእመናን ወደ ተሸሸገበት መጥተው እረኛ እንዲሆንላቸው ለመኑት። እርሱም ብዙ ካመነታ በኋላ እሺ አለ። ጌርትሩድ የተባለች ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ነገር ግን በአንድ ስፍራ ተረጋግቶ መኖር አልተቻለውም። ሌሊት በጎተራና በእርሻ መካከል ያስተምራል፥ ያጠምቃል፤ ሳይነጋም ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል።

ቻርድ ሬይንደርስ የሚባል ገበሬ ይህን መንገደኛ በቤቱ አሳደረው። ነፍሰ ገዳይ አልነበረም፥ ሌባም አልነበረም። በ1539 በሌዋርደን ገደሉት፤ ጥፋቱም ሜኖን ማስጠጋቱ ነበረ። በ1542 ንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ሜኖን ለሚይዝ ሰው 100 የወርቅ ጊልደር እንዲሰጥ አዋጅ አስነገረ፤ እርሱን ማስጠጋትና ማብላት፥ መጽሐፉንም ማንበብ በሞት የሚያስቀጣ ሆነ። ሜኖም በ1544 ለሚስቱና ለልጆቹ ግማሽ ዓመት እንኳ በሰላም የሚቀመጡባት ጎጆ በአገሩ ሁሉ ማጣቱን ጻፈ። ተከታዮቹን በስሙ መጥራት የተጀመረው በ1545 ነው፤ ይህንንም ስም ያወጡላቸው ገዦች እንጂ እነርሱ አልነበሩም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደምወድደው ታሪክ ደረስሁ። በታኅሣሥ 1553 የሜኖ ሰዎች በባልቲክ ባሕር ዳር ባለችው በቪስማር ከተማ ተሸሽገው ሲኖሩ፥ አንድ መርከብ በወደቡ አጠገብ በበረዶ ተያዘ። በእኛ ደጋ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፤ በዚያ ግን ባሕሩ ራሱ ደርቆ ሰው በእግሩ የሚሄድበት ይሆናል። በመርከቡ ያሉት፥ ንግሥት ሜሪ በነገሠች ጊዜ ከሎንዶን የሸሹ የሌላ ማኅበር ክርስቲያኖች ነበሩ። ዴንማርክ አላስጠጋቸውም፤ የቪስማርም ሹማምንት አልረዷቸውም። ያን ጊዜ የተሸሸጉት ከመሸሸጊያቸው ወጡ፤ ስንቅ ይዘው በበረዶው ላይ ሄደው ስደተኞቹን ወደ ከተማ አመጧቸው፥ ሥራም ፈለጉላቸው። በዚህ ሥራቸው ራሳቸውን ገለጡ።

የሆነውስ ምንድር ነው? እንግዶቹ ጥቂት ቆይተው ከአስተናጋጆቻቸው ጋር በሃይማኖት ተከራከሩ። የክርክሩም ነገር ቃል ሥጋ ስለ መሆኑ ነበረ፤ ሜኖ ጌታ ከእመቤታችን ከማርያም ሥጋን አልነሣም ይል ነበርና። ይህን ትምህርቱን እኔም አልቀበለውም፤ ተከታዮቹም ከጊዜ በኋላ ትተውታል። ሆኖም ክርክሩ ተሰማ፤ በ1554 የሜኖ ሰዎች ከቪስማር እንዲወጡ ተደረገ።

ያን ጊዜ ባርቶሎሜዎስ ፎን አሌፌልት የተባለ መኰንን፥ በኦልደስሎ አጠገብ ባለው ርስቱ ቩስተንፌልደ በምትባል ትንሽ መንደር አስጠጋቸው። ይህ ሰው በወታደርነቱ ዘመን እነዚህ ምእመናን በሆላንድ ሲገደሉ አይቶ ነበር ይባላል። ሜኖም እግሩ ሽባ ሆኖ በምርኵዝ እየሄደ፥ በዚያች የገጠር ጉባኤ መካከል መጻሕፍቱን ሲጽፍና ሲያሳትም ኖረ።

አንድ ነገር ግን ልሸሽግህ አልወድም። በኤምደን ከተማ ስቫን ሩትገርስ የምትባል ሴት ነበረች። ባልዋ ከጉባኤው ተወግዞ ነበርና፥ ሽማግሌዎች ከማዕዱና ከአልጋው እንድትለይ አዘዟት፤ እርስዋ ግን እንቢ አለች። ሜኖ በ1556 ሴቲቱን ማስጨነቅ እንደማይገባ ጻፈ። በሚከተለው ዓመት ግን የሽማግሌዎቹን ቍጣ ፈርቶ ይሁን መከፋፈልን፥ ከእነርሱ ጋር ተስማማ። በዚህም ምክንያት ጉባኤዎቹ ተለያዩ። በበረዶ ላይ ለባዕድ እንጀራ ያደረሰ ማኅበር፥ ባልና ሚስትን ከአንድ ማዕድ ለየ!

ሜኖ በጥር 31 ቀን 1561 ሞተ፤ በአትክልቱም ስፍራ ቀበሩት። መንደሩ በሠላሳው ዓመት ጦርነት ጠፍቷልና መቃብሩ ዛሬ አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ አገር ታሪክ እንዳይመስልህ። በ1945 የዚያ ማኅበር ሰዎች ከጦርነት ለወጣችው ኢትዮጵያ እርዳታ ይዘው መጡ፤ በናዝሬት፥ ዛሬ አዳማ በምትባለው፥ የጥጥ መዳመጫ የነበረውን ቤት በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ሆስፒታል አደረጉት። ከእነርሱ ትምህርት የተነሡት ኢትዮጵያውያን ምእመናን በ1959 ማኅበራቸውን መሠረተ ክርስቶስ አሉት። ስሙ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 የተወሰደ ነው፤ ይህም ቃል ሜኖ በመጻሕፍቱ መጀመሪያ ሁሉ ያኖረው ነበር። በ1982 የደርግ መንግሥት የጸሎት ቤቶቹን ወርሶ መሪዎቹን አሰረ። ያን ጊዜ 5,000 የሚያህሉት ምእመናን ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየሰው ቤት ይሰበሰቡ ጀመር፤ የቤቱም ባለቤት ማን ሊያየው እንደሚችል እያወቀ በሩን ይከፍት ነበር። እንዲህም ሆነው ቆዩ፤ በ1991 በአደባባይ ሲሰበሰቡ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ።