የድምፅን ርቀት የለካው አሌክሳንደር ኤሊስ

አሌክሳንደር ጆን ኤሊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1814 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ተወለደ። የትውልድ መጠሪያው ሻርፕ ሲሆን፣ ኤሊስ የተባለው በእናቱ ወገን ያለ ዘመድ ባደረገለት የገንዘብ ድጋፍ ምክንያት ነው። በ1837 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ፈጸመ። ለዕለት እንጀራ የማይጨነቅ በመሆኑም ዕድሜውን ለሒሳብ፣ ለቋንቋ ድምፆችና ለሙዚቃ ጥናት አዋለ።

በ1875 የጀርመናዊውን ሊቅ የሄልምሆልትዝን ስለ ድምፅ ስሜት የተጻፈ ታላቅ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተርጉሞ፣ የራሱን ሰፊ ማብራሪያ ጨምሮ አሳተመ።

በዚያ ዘመን ብዙ አውሮፓውያን የእነርሱን የሙዚቃ ስኬል ተፈጥሮ ያዘዘችው አድርገው ይቆጥሩ ነበር፤ ከእርሱ የሚለየውንም ያልበሰለ ወይም የተዛባ ይሉት ነበር። ኤሊስ ይህ አስተያየት በልኬት እንዲመረመር ፈለገ። ሆኖም ሁለት እንቅፋቶች ነበሩበት። አንደኛው፣ የሁለት ድምፆች ርቀት የሚገለጸው በንዝረታቸው ንጽጽር ስለሆነ፣ ርቀቶችን ለማጠራቀም ማባዛት እንጂ መደመር አይቻልም። ይህን በሎጋሪዝም አቃለለው፤ ይኸውም ንዝረቱ እጥፍ የሚሆንበትን ኦክታቭ በ1200 እኩል ክፍል ከፍሎ እያንዳንዱን ሴንት አለው። በፒያኖ ላይ የሚገኘው ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ሆነ።

ሁለተኛው እንቅፋት የገዛ ጆሮው ነበር፤ የድምፅን ከፍታ በጆሮው አጥርቶ መለየት ይቸግረው ነበር። በዚህም የፒያኖ ባለሙያው አልፍሬድ ሂፕኪንስ ረዳው። ንዝረታቸው የታወቀ መቃኛ ሹካዎችን ከመሣሪያው ድምፅ ጋር በማሰማት፣ በመካከላቸው የሚፈጠረውን ትርታ በሴኮንድ እየቆጠሩ ልዩነቱን አሰሉ።

ባለ አምስት ድምፅ ወይም ፔንታቶኒክ ስኬል የልኬቱን ጥቅም በግልጽ ያሳያል። ንዝረታቸው 3 ለ2 የሆኑ ድምፆች 702 ሴንት ይራራቃሉ። ከአንድ መነሻ ተነሥቶ አራት ጊዜ 702 እየደመሩ፣ ከኦክታቭ ባለፈ ቁጥር 1200 ቢቀንሱለት፣ 0፣ 204፣ 408፣ 702 እና 906 ይገኛሉ። በቻይናና በስኮትላንድ ብዙ ዜማዎች የሚሰማው፣ ከእኛም ሜጀር ትዝታ ጋር የሚቀራረበው ይህ አደራደር ነው።

ነገር ግን በ1882 ለንደን የመጣው የጃቫ የሙዚቃ ጓድ መሣሪያዎች ሲለኩ ሌላ ነገር ታየ። ስሌንድሮ የተባለው ቅኝት ኦክታቩን ወደ አምስት እኩል ክፍል የተጠጋ አድርጎ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱም ርቀት ወደ 240 ሴንት ይሆናል። ይህ ርቀት በፒያኖ ላይ ከቶ አይገኝም፤ ባለሙያዎቹ ግን አስበውበት የቃኙት እንጂ የሳቱት አልነበረም። አምስት ድምፅ መቁጠር ብቻውን ቅኝትን እንደማያስረዳ፣ ቁም ነገሩ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት መሆኑን ይህ ልኬት አረጋገጠ።

ኤሊስ በ1885 የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ስኬሎች የሚመለከት ጥናቱን ለንባብ አበቃ። መደምደሚያውም የሙዚቃ ስኬል አንድ ብቻ አለመሆኑን፣ ከአንድ የተፈጥሮ ሕግም የግድ እንደማይመነጭ የሚያስረዳ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1890፣ በ76 ዓመቱ አረፈ።

ሴንት ዛሬም የዓለም የሙዚቃ ተመራማሪዎች መለኪያ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሁሉም ባለ አምስት ድምፅ ሲሆኑ የሚለያዩት በርቀታቸው ነው፤ በክራር ላይ ሲቃኙም ርቀቶቹ ከፒያኖው ጋር የግድ አይገጥሙም። ይህን ልዩነት ስሕተት ሳይሉ በቁጥር መመዝገብ የተቻለው ኤሊስ ባበጀው መለኪያ ነው።