ፕሪንስ ሆልና የአፍሪካ ሎጅ

ፕሪንስ ሆል በቦስተን ከተማ የአንድ ቆዳ ፋቂ ባሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 የነፃነት ወረቀቱን ከጌታው ከተቀበለ በኋላ በዚያው በቆዳ ሥራ ይተዳደር ጀመር። ወረቀት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚያን ቀን ጀምሮ የዘነጋ አይመስልም።

በ1775 ሆልና ሌሎች አሥራ አራት ጥቁሮች፣ በቦስተን በሰፈረው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ወደ ነበረው የፍሪሜሶኖች ማኅበር ገቡ። ጦሩ በማግሥቱ ዓመት ከተማይቱን ለቆ ሲወጣ ለጥቁሮቹ አባላት የቀረላቸው ፈቃድ ጠባብ ነበር፤ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል በሰልፍ መውጣትና ሙታናቸውን መቅበር ይችላሉ፤ አዲስ አባል መቀበል ግን አይችሉም። በእርግጥ ዕድር ባለበት አገር ያደገ ሰው የቀብሩን ፈቃድ እንደ ቀላል ነገር አያየውም።

ሆል በዚህ አልረካም። በ1784 ለንደን ወደሚገኘው ታላቁ ሎጅ ጽፎ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጥ ደብዳቤ ጠየቀ። ደብዳቤው በዚያው ዓመት ቢጻፍም ቦስተን የደረሰው በ1787 ነው። የአፍሪካ ሎጅ ቁጥር 459 በዚህ ሁኔታ በሕግ ቆመ።

ለማሳቹሴትስ ምክር ቤትም በየጊዜው አቤቱታ ያቀርብ ነበር። በ1777 ከሌሎች ጋር ሆኖ ባርነት እንዲቀር ጠየቀ፤ በ1787 ደግሞ ግብር የሚከፍሉ ጥቁሮች ልጆቻቸው ትምህርት እንዲያገኙ አመለከተ። ሁለቱም የተፈለገውን ውጤት አላስገኙም። በ1788 መጀመሪያ ግን ሦስት ነፃ ጥቁሮች በማታለል ከቦስተን በመርከብ ተወስደው ለሽያጭ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተጋዙ። ሆልና የሎጁ አባላት አቤት አሉ፤ ምክር ቤቱም ወዲያው የባሪያ ንግድን የሚከለክል ሕግ አወጣ። የተሰረቁትም ሰዎች በዚያው ዓመት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ማኅበሩ ሌላ ምንም ባይሠራ ኖሮ ይህ አንዱ ብቻ ባስመሰገነው ነበር።

በ1797 ሆል ለማኅበርተኞቹ ባደረገው ንግግር በቦስተን አደባባይ ስለሚደርስባቸው ስድብና ድብደባ ከተናገረ በኋላ፣ የሄይቲን ባሮች አመፅ አነሣ፤ ኢትዮጵያ እጆችዋን ትዘረጋለች የሚለውን የመዝሙረ ዳዊት ቃልም ከዚህ ጋር አያያዘ። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያና በፕሮቪደንስ እኅት ሎጆች ተቋቋሙ።

ሆል በ1807 ዐረፈ። ማኅበሩ በኋላ በስሙ ተጠራ። የነጮቹ ታላላቅ ሎጆች ግን ለረጅም ዘመን ሕጋዊነቱን አልተቀበሉም፤ በአሜሪካ የኮነቲከት ሎጅ በ1989፣ ቀድሞ ሥልጣን የሰጠው የእንግሊዝ ታላቁ ሎጅም በ1994 ዕውቅና ሰጡት።