አቡ በክር አር-ራዚ፦ ከመድኃኒት በፊት ምግብን ያስቀደመው ሐኪም

ሥጋ ብቻ ብሉ የሚሉ አሉ። አትክልት ብቻ ብሉ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሰው ሆድ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ይመስላቸዋል። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ከሺህ ዓመት በፊት በዚህ ጉዳይ ብዙ የደከመ አንድ ታላቅ ሐኪም ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል።

አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ በ251 ዓመተ ሂጅራ (865 እ.ኤ.አ.) ገደማ ተወለደ። አገሩ ዛሬ ቴህራን አጠገብ የምትገኘው የረይ ከተማ ናት። ሕክምናን መማር የጀመረው ዕድሜው ከገፋ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። ሆኖም በረይ፣ ኋላም በባግዳድ ሆስፒታል ለመምራት በቅቷል።

ራዚ የሰማውን ሁሉ አይቀበልም ነበር። ለአንድ ብርቱ የጭንቅላት ሕመም ደም ማውጣት ይጠቅም እንደሆነ ለመለየት ከፊሎቹን ሕመምተኞች ደም አወጣ፤ ሌሎቹን ሆን ብሎ ተዋቸው፤ ከዚያም አነጻጸረ። ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉትን የግሪኩን ሐኪም ጋለንን እጅግ ቢያከብርም፣ ስህተት ያለውን የሚሞግት መጽሐፍ ጽፎበታል።

ስለ ምግብም ራሱን የቻለ መጽሐፍ አለው። የምግቦችን ጥቅም ይዘረዝራል፤ ጉዳታቸው እንዴት እንደሚመከትም ያስረዳል። በምግብ ሊድን የሚችለውን በሽታ በመድኃኒት ማከም አይወድም ነበር። በዘመኑ ሕክምና መሠረት ሐኪሙ ምግብ ከማዘዙ በፊት የሰውየውን ሚዛጅ፣ ማለትም የሰውነቱን ጠባይ ይመረምራል። ዕድሜውን፣ ሥራውንና ወቅቱንም ያያል። እንደ በሬ ሥጋ ያለ ከባድ ምግብ ጉልበት ለሚጠይቅ ሥራ ለተሰማራና ሆዱ ለጠነከረ ይስማማል ይባል ነበር፤ ሆዱ ለደከመ ግን አይመከርም። ሐኪም ለማያገኙ ሰዎች ደግሞ ራዚ በቀላሉ በሚገኙ ነገሮች የሚታከሙበትን ሌላ መጽሐፍ አዘጋጅቷል።

ያ ሕክምና የተመሠረተበት የአራቱ ፈሳሾች ትምህርት ዛሬ ተትቷል። ሰው ከሰው ይለያል የሚለው ግን ጸንቷል። ሥጋ አሰር ስለሌለው፣ ያለ አትክልት ሲበላ ብዙዎችን ያደርቃል፤ ከዒደል አድሐ በኋላ ይህ የገጠመው ብዙ ነው። አትክልት ደግሞ ባለው አሰር አንጀትን ያንቀሳቅሳል፤ ነገር ግን ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት አንዱን ምንም ሳይሉት ሌላውን ሆዱን ይነፉታል። በየሰው አንጀት የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም አንድ አይደሉም።

ራዚ በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ታወረ። በ313 ዓመተ ሂጅራ (925 እ.ኤ.አ.) ገደማም በተወለደባት ረይ አረፈ።

ከእርሱ የምንማረው ጎረቤታችንን ያሻለው ምግብ እኛን ሊያሳምም እንደሚችል ነው። የበላነውንና ሆዳችን የመለሰልንን እናስተውል፤ ሕመሙ ከበረታም ወደ ሐኪም እንሂድ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።