ካዎ ጦና፦ ቅጣት ምን አስተማረ?



በአንደኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ትምህርታችን፣ ሰው የተሸለመበትን ይደግማል፣ የተቀጣበትን ይተዋል ብለን ተምረናል። ለፈተና ይህ ይበቃል። ሰው ግን ከዚህ ይሰፋል። የምንማርባት ምድር የመጨረሻ ንጉሥ የካዎ ጦና ታሪክ ይህንን ያሳየናል።

ካዎ ጦና የካዎ ጋጋ ልጅ ናቸው። ዙፋኑን የያዙት የሸዋ መንግሥት ወደ ደቡብ በሚሰፋበት ዘመን ነበር። ወላይታ ያኔ ለም፣ ከብቷም የበዛ አገር ነበረች። በዚያን ጊዜ ለአካባቢው ነገሥታት ሁለት መንገድ ቀረበላቸው፦ በሰላም የገበረ ዙፋኑ ይጸናለታል፤ የተዋጋ አገሩን ያጣል። የጅማው ሙስሊም ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር የመጀመሪያውን መረጡ። ግብር ከፈሉ፤ ዙፋናቸውም ቀረላቸው። የሌቃ ነቀምቱ ሞረዳ በከሬም እንዲሁ አደረጉ።

ካዎ ጦና ይህን ሁሉ እያዩ ለምን አልገበሩም? ግትር ስለነበሩ ነው ብለን ማለፍ ይቀለናል። ነገር ግን ቀደም ሲል ወላይታ ላይ የተላኩ ዘመቻዎች ሳይሳካላቸው ተመልሰው ነበር። ሕዝቡ በተከላከለ ቁጥር አገሩ በእጁ ቀርቶለታል። ድልም ሽልማት ነው። ደጋግሞ ድል ያየ ሕዝብ በማስፈራሪያ ብቻ እጁን አይሰጥም፤ ሳይፈጸም የቀረ ዛቻም በተደጋገመ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል።

በ1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ። ከጦሩ ጋር የወሎው ራስ ሚካኤል፣ ፊታውራሪ ገበየሁና አባ ጅፋር ነበሩ። የወላይታ ሰው ጠመንጃ በያዘ ጦር ፊት በጽናት ተዋጋ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ከብቱና ምርኮኛው ለዘማቹ ተከፋፈለ።

እዚህ ላይ የመማሪያ መጽሐፋችን ብዙም የማያነሳው ነገር አለ። ያ ቅጣት ለቀጪው ሽልማት ነበር። በክፉ ቀን ከብቱ ያለቀበት ዘማች ከወላይታ ከብት እየነዳ ሲመለስ፣ ለቀጣዩ ዘመቻ ማን ይጎተጉተዋል? ቀጪው የሚያተርፍበት ቅጣት ልክ አይኖረውም።

ቅጣቱ ምን አስተማረ? ጦርነቱን አስቆመ። የወላይታ ገበሬ ገባር ሆነ፤ ገባርነቱም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ዘለቀ። ከዝምታው በታች ግን ትዝታው አልጠፋም፤ ካዎ ጦና ዛሬም በሶዶ ስማቸው በክብር ይነሳል። የጅማ ሽልማትም ቢሆን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። በ1924 ዓ.ም. ጅማ ራሷን የማስተዳደር መብቷን አጣች። በሌላው ፈቃድ የተሰጠ ነገር በዚያው ፈቃድ ይወሰዳል።

በመካከላችን ከጅማ የመጣን ልጆች አባ ጅፋርን በብልህነታቸው እያነሳን አድገናል። ሕዝባቸውን ከእልቂት አትርፈዋል፤ እውነት ነው። የዶርም ጓደኛችን የወላይታ ልጅ ደግሞ በ1887ቱ ዘመቻ መሳተፋቸውን ያነሳል። ይህም እውነት ነው። ለገበረ ንጉሥ የቀረለት ዙፋን ዋጋ ነበረው፤ ጎረቤቱ ሲቀጣ አብሮ እንዲዘምት ይጠራል። ንጉሡ ሙስሊም ስለነበሩ ብቻ ይህንን ብንሸፍን በዳዮች እንሆናለን፤ ዲናችን በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር ያዘናል።

በበዓል ወደየቤታችን ስንመለስ ታናናሾቻችንን እናስተምራለን፣ እንቆጣለንም። አንድ ልጅ ከአለንጋ ፊት ዝም ሲል ተማረ ብለን ከመደምደማችን በፊት፣ ምን እንደተማረ ቁጭ ብለን እንጠይቀው። ስንሸልመውም ሽልማቱ በወንድሙ ላይ እንዳያስነሳው እንጠንቀቅ።

ወላሁ አዕለም።